ሲምቦና የባሏ ኮች

አሜሪካ፣ አፕል ቫሊ ባለው የሲምቦ ቤት አራት ቋንቋ ይነገራል። ባልና ሚስት ሲጨዋወቱ ኦሮምኛ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲመጣ አማርኛ ነው፤ ልጃቸው ኢሊሊ ለሁለቱም የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። አራተኛው ኮችኛ ነው። ኮችኛ የሚናገረው ጎንፋ ብቻ ነው፤ መስማት ግን የሁሉም ግዴታ ነው።

ጎንፋ የሲምቦ ባል ነው። ነቀምቴ ተወልዶ በአሥራ ስድስት ዓመቱ አጎቱ ዘንድ ሆፕኪንስ ገባ። አፓርታማው ጓሮ ኳስ ሲለጋ ያየ አንድ ጎረቤት "ይህን እግርማ ኮች ማየት አለባቸው" ብሎ ሴንት ፖል ወዳለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ይዞት ሄደ። የኮሌጁ አሰልጣኝ ኮች ሃልቮርሰን በዚያ አካባቢ ስማቸው ሲነሳ ባርኔጣ የሚወለቅላቸው ሰው ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት አሰልጥነዋል፤ ዋንጫቸው መደርደሪያ ጠቦት ዕቃ ቤት ወርዷል። የሚያሰለጥኑት ግን እኛ የምናውቀውን ሳይሆን፣ አሜሪካኖች ስሙን እግር ኳስ ብለው በእጅ የሚጫወቱትን ነው። በዚያ ጨዋታ ኳስ በእግሩ ለመምታት የሚጠራ አንድ ሰው አለ፤ ይገባል፣ ይመታል፣ ይወጣል። ያ ሰው ጎንፋ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ሜዳ ላይ የቆየበት ጊዜ ቢደመር የአንድ እሁድ ስብከት አይሞላም። ኮች ሃልቮርሰን ግን ጎንፋ ውስጥ ገብተው እስከ ዛሬ አልወጡም።

ሲምቦ ነገሩን የጠረጠረችው ገና ሽማግሌ ሲላክባት ነው። የካቲት ነበር፤ ትንፋሽ ከአፍ ሳይወጣ የሚቀዘቅዝበት ቀን። የአክስቷ ባል በመስኮት ሲመለከት አራት ሽማግሌዎች አንድ መኪና ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከቀጠሮው ሃያ አምስት ደቂቃ ቀድመው ነው የደረሱት። ጎንፋ "በሰዓቱ የመጣ ዘግይቷል" ብሎ አስጠንቅቋቸዋል፤ ቀድሞ ሰው ቤት መግባት ደግሞ ነውር ነው፤ እናም ሞተር አጥፍተው ይንቀጠቀጣሉ። በመጨረሻ ሲገቡ አንደኛው ሽማግሌ "ልጃችሁን ለልጃችን" ሊሉ ሲሉ ጥርሳቸው ተንገጫግጮ አላስጨርስ ስላላቸው፣ ቀሪውን ሁለተኛው ጨረሱላቸው።

"ሰዓት የሚያከብር ወንድ ሚስቱንም ያከብራል" አለች አክስቷ። ሲምቦም አመነች። ቤቱ ውስጥ በመጀመሪያ የሚከበረው ማን እንደሆነ የገባት ከሠርጉ በኋላ ነው።

ኢሊሊ የተወለደች ዕለት ምጡ ሲፋፋም ጎንፋ ወደ ሲምቦ እግር ጎንበስ ብሎ ካልሲዋን ማስተካከል ጀመረ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለች ጥርሷን ነክሳ።

"ኮች እንዲህ ይላሉ፤ ነገር ሲጠብቅብህ መጀመሪያ ካልሲህን አስተካክል።"

ሲምቦ በዚያች ቅጽበት የተናገረችውን ነርሷ ኦሮምኛ ስለማታውቅ አልተረዳችውም። ጎንፋ ግን ገብቶት ለሦስት ቀን ያህል ኮችኛ አልተናገረም።

ሥራው የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ስምሪት ነው። በረዶ በጣለ ማለዳ ሁሉ የሬዲዮኑን መነጋገሪያ አንስቶ ለሾፌሮቹ "ወንድሞች፣ በረዶው ማንንም አይጠላም!" ይላል። አንድ ቀን ዲንሳ የሚባል ሾፌር "ጎማዬን ግን ጠልቶታል፤ ቦይ ውስጥ ገብቻለሁ" ብሎ መለሰለት። ጎንፋ አልሳቀም። ይህን ወሬ ማታ ለሲምቦ ሲያወራላት "ሰበብ!" አለ፤ ዲንሳ ግን ሰበብ አላቀረበም፤ ያለበትን ነው የተናገረው።

ከእነዚህ ሁሉ ግን በአደባባይ የማይናገረው አንድ ቃል ነበረው። ለሲምቦም የነገራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ መኪና እየነዳ፣ በድንገት። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለ በመጨረሻዋ ደቂቃ ቀላል ኳስ ስቶ ቡድኑ ተሸነፈ። በዚያው ሳምንት አባቱ ነቀምቴ ማረፋቸውን ሰማ፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ስላልተስተካከለ ለቀብር መሄድ አልቻለም። ኮች ቢሯቸው አስጠርተውት እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ "ኳሱ ስምህን አያውቅም" አሉት። ሌላ አልጨመሩም።

"ምን ማለት ነው?" አለች ሲምቦ።

"ብዙ ነገር ማለት ነው።"

"እኮ፣ ምን?"

"ለእኔ ብቻ ያሉኝ ነው" አለና ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ። ዳግመኛ አልጠየቀችውም። የአባቱን የመጨረሻ ቃል ያልሰማ ሰው፣ ይህችን በኑዛዜ ፋንታ ይዞ እንደሚኖር ገብቷት ነበር።

ባለፈው ዓመት ቤተ ክርስቲያን የአስተናጋጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉት። ያጩት የቤተ ክርስቲያኗ መሪ ፓስተር እንግዳ ናቸው፤ "ወንድም ጎንፋ ሥርዓት ያለው ሰው ነው" ብለው። ጉባኤው አጨበጨበ። ሲምቦ ብቻ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

የእሁድ አምልኮ ወረቀት ላይ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ አሥር ላይ ይጀምራል። እንደ እውነቱ ከሆነ በአሥር የሚደርሰው ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክለው ሰው ነው፤ መዘምራኑ በአሥር ተኩል፣ ምእመኑ በአሥራ አንድ፣ ለምሳው የሚመጡት ደግሞ በአሥራ ሁለት። ጎንፋ ለሁለት ሳምንት አስጠነቀቀ። በሦስተኛው እሁድ፣ በጥር ብርድ፣ ልክ አሥር ሲሆን በሩን ቆለፈው። ውስጥ የነበሩት እሱ፣ ሲምቦ፣ ኢሊሊ፣ የድምፁ ሰውዬ፣ እና ማሞቂያውን ፍለጋ ከማለዳ ጀምረው የሚቀመጡት እማማ ሆሳዕና ነበሩ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

"ወንድም ጎንፋ፣ በሩ ተቆልፏል" አሉ ፓስተር እንግዳ።

"አዎ፣ ፓስተር። ከአሥር አራት ደቂቃ አልፏል።"

"ሰባኪው እኮ እኔ ነኝ!"

"ለዚሁ ነው ቀድመው መድረስ የነበረብዎት። ባለፈው ወር ስለሚዘጋ በር የሰበኩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

ፓስተር እንግዳ በሃያ ዓመት አገልግሎት ስብከታቸውን አስታውሶ የጠቀሰላቸው ሰው ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ይደሰቱ ይቆጡ ግራ ገባቸው።

"እሰይ፣ ደግ አደረግህ፤ ይልመዱ!" አሉ እማማ ሆሳዕና፣ ጋቢያቸውን እየሳቡ። ኢሊሊ ስልኳን አውጥታ በመስታወቱ በኩል የሚንቀጠቀጠውን ጉባኤ ትቀርጻለች። "ዳድ፣ ዩ ካንት ዱ ዚስ" ትለዋለች፤ መቅረጿን ግን አላቆመችም።

በመጨረሻ ሲምቦ ተነሥታ በሩን ከፈተችው። አርባ የሚሆን ሰው በረዶውን እያራገፈ፣ "እህት ሲምቦ፣ ጌታ ይባርክሽ" እያለ ገባ። ለጎንፋ የመረቀው አልነበረም። በቀጣዩ ስብሰባ ኮሚቴው ጎንፋን በጸሎት አሰናበተው፤ ስለ ትጋቱም የምስጋና ወረቀት ሰጠው። ጎንፋ ወረቀቱን ፍሬም አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው። ምእመኑ ደግሞ ከፍርሃቱ የተነሣ ሦስት እሁድ በሰዓቱ መጣ። በአራተኛው ወደ ልማዱ ተመለሰ።

መስከረም ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። ኮች ሃልቮርሰን ሰማንያ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የቀድሞ ተጫዋቾቻቸው በሙሉ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ብሉሚንግተን በሚገኝ ሆቴል ይሰባሰባሉ፤ መናገር የሚፈልግ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል። ሆቴሉ ሲምቦ የጽዳት ክፍል ሱፐርቫይዘር ሆና የምትሠራበት ነው። ዘጠኝ ዓመት ስትሠራበት በፊት ለፊቱ በር ልትገባ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጎንፋ አዝራሩ አልገጥም ያለውን የኮሌጅ ጃኬቱን ለበሰ። ኪሱ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ።

"ያችን ቃል ዛሬ እናገራታለሁ" አላት መንገድ ላይ።

"የትኛዋን?"

"የኳሷን።"

ሲምቦ ዞር ብላ አየችው። "እርግጠኛ ነህ?"

"ሰው ይስማት። ኮች ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ የሚታወቀው በእሷ ነው።"

የደረሱት እኩለ ቀን ሊሆን ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው ነው። መኪና ማቆሚያው ሞልቷል። አዳራሹ በር ላይ የሲምቦ የሥራ ጓደኛ ኢብሲቱ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

"ሲምቦ፣ እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው?" አለች በኦሮምኛ። "ፕሮግራሙ በአሥራ ሁለት ነው፤ እነሱ ከአሥር ተኩል ጀምረው እዚህ ናቸው። ጠረጴዛ ስንዘረጋ ቀምተውን ራሳቸው ዘረጉት። ጨርቁን ደግሞ ገልብጠው ነው ያነጠፉት!"

ጠረጴዛው ላይ የስም ባጅ ተደርድሯል። ጎንፋ አንዱን አንሥቶ ደረቱ ላይ ለጠፈ። "ገስ" ይላል።

"ይሄ ማነው?" አለች ሲምቦ።

"እኔ ነኝ። ኮች እንደዚያ ነበር የሚሉኝ፤ ጎንፋ ማለት አስቸገራቸው።"

"አራት ዓመት ሙሉ? ለምን አላረምካቸውም?"

"ኮች ሰበብ አይወዱም።"

"ስም ሰበብ ነው እንዴ?"

ጎንፋ ጆሮውን ሳብ አድርጎ "እህም" አለና ወደ ውስጥ ገባ። ጎንፋ ነገር ሲከብደው ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ሲምቦ ይህን የአባቱ ልማድ ነው ብላ ታምን ነበር፤ እንዲያውም የወለጋ ሽማግሌ ወግ ነው ብላ ለኢሊሊ አስተምራለች። ተከትላው ስትገባ ሁለት መቶ የሚሆኑ ወንዶች አየች፤ መላጣው፣ ሸበቶው፣ ቦርጫሙ፣ ጥቁሩ፣ ቀዩ። ሁሉም ጆሮውን ይስባል። ሁሉም "እህም" ይላል። ሲምቦ የባሏን አባት ፎቶ አስታውሳ ሟቹን በልቧ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

ሚስቶች አንድ ጥግ ተሰብስበዋል። አንዲት ረጅም ፈረንጅ ወንበር ሳበችላትና፣ ሰላምታ ሳታስቀድም "ያንቺም ካልሲ ያስተካክላል?" አለቻት።

"ወይኔ፣ ካልሲው!" አለች ሲምቦ፤ ጥጉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ቃተተ። የአንደኛዋ ባል በእናቷ ቀብር ላይ አስተካክሎ ነበር። የሌላኛዋ ደግሞ ፖሊስ አስቁሞት መንጃ ፈቃድ ሲጠይቀው መጀመሪያ ወደ ካልሲው ጎንበስ በማለቱ ሽጉጥ ሊወጣበት ነበር። ሲምቦ አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር እንዲህ ቶሎ ተግባብታ አታውቅም።

አንዲት ቀጭን፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ አሮጊት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። የኮች ባለቤት አርሊን ናቸው። ኮች ከፊት ለፊት፣ የመስማት መርጃ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ምሳ ሳይቀርብ ኬክ ይበላሉ።

ንግግር ተጀመረ። መጀመሪያ የወጣው የጥርስ ሐኪም ነው። ጆሮውን ሳበ። "ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም" አለ። "ጉልበቴ የተሰበረ ጊዜ ኮች እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው አንድ ቃል አሉኝ። 'ኳሱ ስምህን አያውቅም።' ለእኔ ብቻ ነው ያሉኝ።" እንባው መጣ።

ሲምቦ ወደ ጎንፋ ተመለከተች። ጎንፋ ወረቀቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ደርቋል።

ቀጥሎ አንድ ዳኛ ተነሣ። "የእኔን ታሪክ ሚስቴ እንኳ አታውቀውም" ብሎ ጀመረ፤ በፈተና የወደቀ ዕለት ነበር፤ ኳሱ የእሱንም ስም አያውቅም። ከዚያ አንድ ኢንሹራንስ ሻጭ መጣ፤ እጮኛው ትታው ስትሄድ፣ አሁንም ኳሱ ስሙን አያውቅም። በሦስተኛው ላይ ሳል የሚመስል ድምፅ በአዳራሹ ዞረ፤ ሁለት መቶ ወንድ ኪሱ ያለውን ወረቀት ያስብ ጀመር።

አርሊን ወደ ሲምቦ ጆሮ ጠጋ አሉ። "የእኔ ነው" አሉ በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ቃሉ። አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። አንዲት ሕፃን ኳስ መቷት፣ 'ሆን ብሎ ነው የመታኝ' ብላ ስታለቅስ፣ 'ኳሱ እኮ ስምሽን አያውቅም፣ የኔ ማር' አልኳት። እራት ላይ ለእሱ ባወራለት ይዞት ሄደ። ምን ያድርግ? ሲያዝኑ የሚላቸው አያውቅም ነበር። ቤት መጥቶ እኔን ነበር የሚጠይቀው። አንድ ጊዜ አባቱ አፍሪካ የሞተበት ልጅ ነበር፤ ኳስ የሚመታው . . ."

ሲምቦ ቀና አለች።

"ያን ዕለት ምግብ አልበላም። 'ምን ልበለው?' አለኝ። 'ምንም አትበል፤ ዝም ብለህ አጠገቡ ሁን' አልኩት። ዝም ማለት ግን አልሆነለትም። ከዚያ ደግሞ ኢትዮጵያ የሚያስደውል የስልክ ካርድ የት እንደሚሸጥ ጠይቆ፣ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ውሎ አንድ ኩንታል የሚያህል ካርድ ይዞ መጣ። በፖስታ አድርጎ በልጁ በር ሥር አስገባለት። ስሙን አልጻፈበትም።"

ሲምቦ የካርዶቹን ነገር ከጎንፋ ሰምታዋለች። ጎንፋ በእነዚያ ካርዶች ነበር ሐዘኑን ሁሉ ከእናቱ ጋር በስልክ የተቀመጠው። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ የሰጠው መስሎት የምስጋና ደብዳቤ ጽፎላቸዋል፤ ቢሮውም "ግዴታችን ነው" ብሎ መልሶለታል። ተነሥታ ልትነግረው ስትል መድረክ መሪው "ገስ!" ብሎ ተጣራ።

ጎንፋ ወጣ። ወረቀቱን አየው፤ አጠፈው፤ ኪሱ ከተተው። ጆሮውን ሊስብ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው።

"እኔ ገስ አይደለሁም" አለ። "ጎንፋ ነኝ። ኳሱ ስማችንን እንደማያውቅ ዛሬ ሁላችንም ሰምተናል። የእኔን ደግሞ ኮችም አያውቁትም።"

ሲምቦ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ዳኛው መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። ኮች ኬካቸውን አስቀምጠው መሣሪያውን ጆሯቸው ላይ አስተካከሉ።

"ምን አለ?"

"ስሙ ጎንፋ ነው!" ብለው አርሊን ጮኹ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሰበብ አይወዱም ነበር፣ ኮች።"

ሽማግሌው ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ። ጆሯቸውን ሳቡ። "ጎን . . . ፋ" አሉ፤ ቀጥለውም ልማድ ሆኖባቸው ወደ አዳራሹ ዞረው እጃቸውን አጨበጨቡ። "በአንድ ላይ!" ሁለት መቶ ወንድ ተነሥቶ እንደ ወታደር "ጎንፋ!" አለ። "አልሰማሁም!" አሉ ኮች፤ ይህ እንኳ እውነታቸውን ነበር። "ጎንፋ!" ኢብሲቱ ከኩሽና ሮጣ ወጣች፤ እሳት የተነሣ መስሏት።

ሲመለሱ ሲምቦ የካርዱን ነገር ነገረችው። ጎንፋ መኪናውን አንድ የገበያ አዳራሽ አጠገብ አቆመ።

"ኮች ናቸው?" አለ።

"እሳቸው ናቸው።"

"ቢሮው እኮ መልስ ጽፎልኝ ነበር!"

"ቢሮ ምን ጊዜም ይጽፋል" አለች።

ሲምቦ ከዚያ በኋላ ሰውየው ከኮችኛ ይድናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ ግማሽ በግማሽ ተሳካላት። ኮች ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ስላቆሙ ተጫዋቾቹ ተራ ገብተው ሐኪም ቤትና ገበያ ያመላልሷቸዋል። ሐሙስ የጎንፋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሲምቦ "ምን ተጨዋወታችሁ?" ስትለው "ስለ ጉልበታቸው" ይላል፤ ሌላ ጊዜ "ስለ ጎረቤታቸው ውሻ"። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ነገር መጣ። "አርሊን እንዲህ ይላሉ . . ." ይላል አሁን፤ በማለዳ ይላል፣ በእራት ሰዓት ይላል፣ በሬዲዮም ለሾፌሮቹ ይላል። ሲምቦ አትቃወመውም። የአርሊን ምክር ቢያንስ ምክር ነው። ዲንሳ እንኳ "ይቺ አዲሷ ከፊተኛው ትሻላለች" ብሎ አስተያየት ሰጥቷል።

በግንቦት ኢሊሊ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ተፈተነች። ወደ ኋላ ስታቆም ምሰሶውን ገጭታ ወደቀች። ወስዶ የመለሳት ጎንፋ ነበር። ሲምቦ የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ ለሚመጣው ንግግር ራሷን አዘጋጀች። ኢሊሊ ግን ዓይኗ ቀልቶ ብቻዋን ገባች።

"ማም፣ ኢዝ ዳድ ሲክ?"

"ለምን?"

ያ ሁሉ መንገድ አንድ ቃል አልተነፈሰም አለቻት በእንግሊዝኛዋ፤ አይስክሬም ገዛላት፣ ሬዲዮ ከፈተላት፣ ቤት አደረሳት፣ በቃ። ይህን ስትናገር ለቅሶዋን ረስታው ነበር።

ሲምቦ ወደ ጋራዡ የሚያስገባውን በር ገርበብ አድርጋ አየች። ጎንፋ ሞተሩን አጥፍቶ እንደተቀመጠ ነው። መስኮቱ ተዘግቷል፤ አፉ ግን ይንቀሳቀሳል፤ ጣቱን እያነሣ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ለልጁ ያልነገራትን ሁሉ ለመሪው ይነግረዋል። ሲምቦ በሩን ቀስ ብላ መለሰችው፤ ምሳውን ምድጃ ላይ ጥዳ ንግግሩን እስኪጨርስ ጠበቀችው።